ከማን ሰማኸው?

ለቀማ ሲደርስ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ቀይ እሸት ቡና በየጆንያው ተደርድሮ ይታያል። ገበሬው ከጓሮው ለቅሞ ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለመፈልፈያ ጣቢያ ያስረክባል፤ ጣቢያው አጥቦ አልጋ ላይ ያሰጣል፤ ሲደርቅ ከነገለፈቱ ተጭኖ ለደረጃ ምርመራ ይሄዳል። ቀማሹ በማንኪያ ፉት ብሎ ጣዕሙን ይመዝናል። የይርጋጨፌ ስም ዋጋ ያወጣልና ጣዕም ብቻውን አይበቃም፤ ቡናው ከየት ተነስቶ በማን በማን እጅ አለፈ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በ2008 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር፣ ከየጣቢያው የመጣው በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ የባለቤቱ ስም መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ጣዕሙ አለ፤ የመጣበት ሐረግ ግን ተቆርጧል። በ2017 አሠራሩ እስኪሻሻል ድረስ ብዙ ገዢዎች ያማርሩ የነበረው በዚህ ነው።

ይህንኑ ጥያቄ ከ1,200 ዓመት በፊት ሙያ አድርገው የያዙት ሰዎች ነበሩ። እነሱ ያጣሩት የነበረው ቃል ነው፤ የነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) ንግግርና ተግባር። አብዛኛው ሰው ክርስቲያን በሆነበት በጌዴኦ፣ ሙስሊም ጎረቤቱ «በሐዲስ እንዲህ ተብሏል» ሲል ያልሰማ የለም። ከዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር ጀርባ ያለውን ድካም ግን ሙስሊሙም ቢሆን ሁልጊዜ ልብ አይለውም።

ሐዲስ የሚለው ቃል ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። በግእዝ ሐዲስ ማለት አዲስ ነው፤ ሐዲስ ኪዳን እንደምንለው። የዐረብኛው ሐዲስም ከዚያው ሴማዊ ሥር የወጣ ነው፤ አዲስም ማለት ነው፣ ንግግርም። ሰነድም እንዲሁ የጋራችን ነው። እኛ ሰነድ ስንል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይታየናል። የሐዲስ ሊቅ ሰነድ ሲል ግን የሰዎች ሐረግ ማለቱ ነው፤ እገሌ ከእገሌ፣ እሱም ከእገሌ እያለ እስከ ነቢዩ የሚደርስ። ከሐረጉ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል መትን ይባላል። ሰነድ የሌለው መትን የቱንም ያህል ቢያምር ባለቤት አልባ ነው።

የኢማም አል-ቡኻሪን መጽሐፍ የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ በኒያ (በልብ ሐሳብ) እንደሚመዘን የሚናገረውን ሐዲስ ነው። ቃሉ ጥቂት መስመር ነው። ከፊቱ ግን ሰዎች ተሰልፈዋል፦ አል-ቡኻሪ ከአል-ሑመይዲ፣ አል-ሑመይዲ ከሱፍያን፣ ሱፍያን ከየሕያ ኢብን ሰዒድ፣ የሕያ ከሙሐመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ሙሐመድ ከዐልቀማ፤ ዐልቀማ ደግሞ የነቢዩ ባልደረባ ዑመር ኢብን አል-ኸጧብ ሚንበር (መስበኪያ) ላይ ሆነው ሲናገሩ ሰማ። በየመገናኛው ያለችው ግስ ሳትቀር ተመዝግባለች፤ «ነገረን» ነው፣ «ነገረኝ» ነው ወይስ «ሰማሁ»? በጉባኤ መስማትና ለብቻ መስማት አንድ አይደለም። የሚገርመው ደግሞ ይህ ዝነኛ ሐዲስ እስከ የሕያ ድረስ በአንድ ሰው ብቻ እየተንጠለጠለ መምጣቱ ነው። ከዑመር የሰማው ዐልቀማ ብቻ፣ ከዐልቀማ ሙሐመድ ብቻ፣ ከሙሐመድ የሕያ ብቻ፤ ከየሕያ በኋላ ነው እንደ ጎርፍ የተሰራጨው። ሊቃውንቱ ይህን አልደበቁትም። ነጠላ መሆኑን መዝግበው፣ እያንዳንዱ ሰው የታመነ ስለሆነ ትክክለኛ ነው አሉ።

በመጀመሪያው ትውልድ ሰነድ ያን ያህል አይጠየቅም ነበር። ሰሚዎቹ ራሳቸው የነቢዩ ባልደረቦች፣ ሶሓባዎች፣ ነበሩ። በ656 ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ከተገደሉና ሙስሊሙ ጎራ ለይቶ መዋጋት ከጀመረ በኋላ ግን እያንዳንዱ ወገን ለራሱ የሚስማማ ቃል ያመጣ ጀመር። «ከማን ሰማኸው?» የሚለው ጥያቄ የጠነከረው ያን ጊዜ ነው።

ከሶሓባዎቹም መካከል ጥንቁቆች ነበሩ። ሶሓባው ጃቢር ኢብን ዐብደላህ አንድ ሐዲስ በሰው በኩል ደረሳቸው። ከነቢዩ አፍ በቀጥታ የሰማው ሰው ሻም (ሶርያ) አገር እንደሚኖር ሲነገራቸው ግመል ገዝተው የአንድ ወር መንገድ ተጓዙ። ደጁ ደርሰው፣ ጠይቀው፣ ሰሙ። ለአንድ ሐዲስ ነው ይህ ሁሉ። ኋላ የመጡት ሊቃውንት ከኹራሳን እስከ ግብፅ ሲመላለሱ የሄዱት የእሳቸውን ዱካ ተከትለው ነው።

ከጉዞው የሚከብደው ሰውን መመዘኑ ነበር። ተራኪው፣ ራዊ የሚሉት፣ በሁለት ነገር ይመረመራል። አንደኛው እምነቱና ምግባሩ ነው፤ ይዋሻል ወይ? ሁለተኛው የማስታወስ ችሎታው ነው። ደግና ጸሎተኛ ሆኖ የሚረሳ፣ የሚያቀላቅል ሰው ስንት አለ! እንዲህ ያለውን ሰው ያከብሩታል፤ ሐዲሱን ግን አይቀበሉትም። የአል-ቡኻሪ መምህር የነበሩት ዐሊ ኢብን አል-መዲኒ (በ849 ያረፉ) ስለ ገዛ አባታቸው ተጠየቁ፤ አባትየውም ሐዲስ ተራኪ ነበሩ። መጀመሪያ ሌላ ሰው ጠይቁ አሉ። ጠያቂዎቹ ሲያጠብቁባቸው አንገታቸውን ደፉ፤ ቀና ብለውም ጉዳዩ የሃይማኖት ነውና አባቴ ደካማ ናቸው ብለው መሰከሩ። ልጅ አባቱን በሚፈራበትና በሚያከብርበት አገር ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ይህን ሙያ ማክበር የጀመርኩት ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ነው።

ምስክርነቱ እየተጠራቀመ መጽሐፍ ሆነ። ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (1372–1449) ባሳጠሩት አንድ መዝገብ ብቻ ከ8,000 በላይ ተራኪዎች ተዘርዝረዋል፤ እያንዳንዱ በጥቂት ቃላት፣ ከ12 ደረጃዎች በአንዱ። የት ኖረ፣ ከማን ተማረ፣ መቼ ሞተ የሚለው የሚፈለግበት ምክንያት አለ። አንድ ሰው «ከእገሌ» ብሎ ቢያወራና እገሌ እሱ ሳይወለድ የሞተ ቢሆን ሐረጉ እዚያው ላይ ተቆርጧል። ረቀቅ ያለ ማታለልም ነበር፤ በእርግጥ የነገረውን ደካማ ሰው ዘሎ ከዝነኛው መምህር እንደሰማ አስመስሎ ማውራት። ከሌላ ወረዳ የመጣን ቡና በይርጋጨፌ ስም እንደ መሸጥ ያለ ነው። ለዚህ ነው አል-ቡኻሪ ሁለቱ ሰዎች በአካል መገናኘታቸው ይረጋገጥልኝ ያሉት። ተማሪያቸው ኢማም ሙስሊም (በ875 ያረፉ) በአንድ ዘመን መኖራቸውና የመገናኘት ዕድል መኖሩ ይበቃል ብለው በመጽሐፋቸው መግቢያ አጥብቀው ተከራክረዋል።

ሁሉን አልፎ ደግሞ ስውር እንከን አለ፤ ዒላ ይሉታል። ጥሬው ቡና ለዓይን ንጹሕ ሆኖ፣ አንዲት የገማች ፍሬ ስኒው ላይ ብቻ እንደምትታወቀው ማለት ነው። ሰነዱ ሙሉ ነው፣ ሰዎቹ የታመኑ ናቸው፤ ነገር ግን የአንዱን መምህር ተማሪዎች በሙሉ ሰብስበው የያዙትን ጎን ለጎን ሲያስተያዩት አንደኛው የሶሓባውን ንግግር ለነቢዩ ሰጥቶ ይገኛል። ይህን የሚያውቁት እድሜያቸውን ሙሉ ሲሰሙ የኖሩ ጥቂቶች ናቸው።

አል-ቡኻሪ (810–870) ከ600,000 ሐዲስ መርጠው በ16 ዓመት መጽሐፋቸውን እንዳዘጋጁ ይነገራል። ቁጥሩን ሰምቶ የቀረው ሁሉ ውሸት ነበር ወይ የሚል አለ። አይደለም። ሊቃውንቱ የሚቆጥሩት ሰነዱን ነው፤ አንድ ቃል በሃምሳ ሐረግ ከመጣ ሃምሳ ተብሎ ይቆጠራል። በመጽሐፉ የገባው ድግግሞሹን ጨምሮ ከ7,000 በላይ ነው። ያልገባውም ሁሉ የተጣለ አልነበረም፤ መጽሐፉ እንዳይረዝም የተዉት ትክክለኛ ሐዲስ እንዳለ ራሳቸው ተናግረዋል። ከሳቸውና ከሙስሊም ሌላ የአቡ ዳውድ፣ የአት-ቲርሚዚ፣ የአን-ነሳኢና የኢብን ማጃህ መጻሕፍት ተጨምረው ስድስቱ ኪታቦች ይባላሉ። በማጣሪያው ያለፈው ሶሒሕ፣ ከእሱ ትንሽ ዝቅ ያለው ሐሰን፣ ያልበቃው ደዒፍ፣ የተፈጠረው መውዱዕ ይባላል። የአል-ቡኻሪና የሙስሊም ሁለቱ ታላላቅ መጻሕፍትም ከምርመራ አላመለጡም፤ በ995 ያረፉት አድ-ዳረቁጥኒ ከሁለቱ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ሐዲሶችን መርጠው ተችተዋል። መጻሕፍቱን ለትውልድ ያስተላለፉት ወንዶች ብቻ እንዳይመስሉን ደግሞ፣ መካ ላይ የአል-ቡኻሪን ኪታብ ያስተምሩ የነበሩት ከሪማ አል-መርወዚያ ተማሪው የገለበጠውን ከራሳቸው ቅጂ ጋር ሳያስተያይ አይለቁትም ነበር።

ይህ ትምህርት ወደ እኛም ቀርቧል። ስማቸው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ከዘይላ የተያያዘው ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ (በ1361 ያረፉ) ካይሮ ተቀምጠው ሐነፊ በሚባለው የሕግ ጎራ አንድ ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ የተጠቀሱትን ሐዲሶች አንድ በአንድ ከምንጫቸው አውጥተው መዝነዋል። ራሳቸው ሐነፊ ሆነው የሌሎቹን ጎራዎች ማስረጃ ሳያጎድሉ በማቅረባቸው ይመሰገናሉ። በዘመናችን ደግሞ በ2020 መካ ላይ ያረፉት የወሎው ሸይኽ ሙሐመድ ዐሊ ኣደም አሉ። አገር ቤት ኪታብ ተምረው፣ መካ በሚገኘው ዳሩል ሐዲስ አስተማሪ ሆነው፣ የሙስሊምንና የአን-ነሳኢን መጻሕፍት እያንዳንዳቸውን ከ40 ቅጽ ባላነሰ ተንትነዋል። «አል-ኢትዩቢ» የሚለው ቅጽላቸው ዛሬ የሐዲስ ተማሪ ባለበት አገር ሁሉ ይታወቃል።

አገራችን በሐዲሶቹ ውስጥም አለች። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ያረፉ ዕለት ነቢዩ ለባልደረቦቻቸው አርድተው፣ ወደ ሜዳ ወጥተው፣ በረድፍ አሰልፈው፣ አራት ጊዜ «አላሁ አክበር» ብለው እንደ ሰገዱላቸው አል-ቡኻሪም ሙስሊምም መዝግበዋል። ከተራኪዎቹ አንዱ ያ ለአንድ ሐዲስ አንድ ወር የተጓዙት ጃቢር ናቸው። እዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበሩ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ረድፍ። የትኛው እንደሆነ ስላላረጋገጡ ሁለቱንም ተናገሩ። አል-ቡኻሪም ያችን «ወይም» ሳይደመስሱ አሳልፈዋታል።

አገር ቤት ከዚህ ይልቅ የሚደጋገመው ሌላው ቃል ነው፤ ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው የሚለው። የሚገኘው በአቡ ዳውድና ሸይኽ ሙሐመድ በተነተኑት በአን-ነሳኢ እንጂ በአል-ቡኻሪና በሙስሊም አይደለም፤ ስለ ሰነዱም ሊቃውንት ተነጋግረውበታል። በአቡ ዳውድ አንዱ ዘገባ ቃሉ ይቀጥልና የካዕባን ሀብት ስለሚያወጣ አንድ ሐበሻ ይናገራል፤ በበዓል ንግግር ላይ ይህ ክፍል ሲጠቀስ አይሰማም። ቃሉን ስወደው ኖሬአለሁ፤ ኢትዮጵያዊ ነኝና ሰነዱ ከነጃሺ ሐዲስ ጋር እኩል ቢቆም ደስ ባለኝ። የመዲናው ኢማም ማሊክ (በ795 ያረፉ) ግን ስለ ትክክለኛነቱ ሲጠየቁ እንዳላጸደቁት የሕግ ሊቁ ኢብን ሩሽድ ጽፈዋል። ማሊክ የመለሱት የሚያውቁትን ያህል ብቻ ነው፦ ሰዎች ሐበሾችን ከመውጋት ሲቆጠቡ ኖረዋል።