«ለስላሳ» የተባለው መጠጥ ለጥርስ ለስላሳ ነውን?

የናይሮቢ ከተማ ስሟን ያገኘችው በማሳይ ቋንቋ «ቀዝቃዛ ውሃ» ከሚል አጠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሠፈር ሆና የተቆረቆረችው የጎረቤታችን የኬንያ ርእሰ ከተማ፣ ዛሬ ጥሟን የምትቆርጠው በውሃ ብቻ አይደለም። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ኬንያ ከገባ ወዲህ፣ በዚያ አገር «ሶዳ» የሚባለው ለስላሳ መጠጥ የማይገኝበት ኪዮስክ የለም ማለት ይቻላል። ሻጩ «ባሪዲ ወይስ ሞቶ?» ማለትም «ቀዝቃዛ ወይስ ያልቀዘቀዘ?» ብሎ ይጠይቃል። በጠርሙሱ ውስጥ ስላለው አሲድ ግን ገዢውም ሆነ ሻጩ እምብዛም አያነሣም። ይኸው መጠጥ በከተሞቻችን ሱቆችና በሠራዊቱ ክበቦችም የሚቀርብ በመሆኑ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

ሦስቱ አሲዶች

በለስላሳ መጠጦች ውስጥ በብዛት የሚገኙት አሲዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ካርቦኒክ አሲድ ነው፤ ይህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በግፊት ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ደካማ አሲድ ሲሆን፣ ጠርሙሱ ሲከፈት ጋዙ እየወጣ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛው በሎሚና በብርቱካን ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ሲትሪክ አሲድ ነው። የሎሚና የብርቱካን ጣዕም ላላቸው መጠጦች ኮምጣጣነትን የሚሰጠው እርሱ ነው። ሦስተኛው በኮላ መጠጦች ውስጥ የሚጨመረው ፎስፎሪክ አሲድ ነው።

ፎስፎሪክ አሲድ የብረት ዝገት ለማስለቀቅም ስለሚያገለግል፣ «ኮላ ጥርስን በአንድ ሌሊት ያቀልጣል» የሚል ወሬ በየአገሩ ይነገራል። ይህ የተጋነነ ነው። በመጠጡ ውስጥ ያለው የአሲድ መጠን ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም፤ ጨጓራችን ራሱ የሚያመነጨው አሲድም ከዚህ የበረታ ነው። ስለሆነም ጨጓራው ጤናማ የሆነ ሰው ይህን አሲድ ይቋቋመዋል። ዋነኛው ጉዳት የሚደርሰው በአፍ ውስጥ ነው።

በጥርስ ላይ የሚደርሰው

የአሲድ ብርታት የሚለካው የዴንማርኩ ሳይንቲስት ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው ፒኤች በተባለው መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ቁጥሩ በአንድ በቀነሰ ቁጥር አሲድነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ኢናሜል የተባለው ጠንካራ የጥርስ ልባስ ማዕድኑን ማጣት የሚጀምረው 5.5 ገደማ ላይ ነው። የኮላ መጠጥ ግን 2.5 ያህል ነው። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው!

ሆኖም አፍ መከላከያ አለው፤ እርሱም ምራቅ ነው። ምራቅ አሲዱን አጥቦና አርክሶ፣ ለጥርስ ካልሲየምና ፎስፌት ይመልስለታል። ይህን ለመፈጸም ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። እንግዲህ ወሳኙ ነገር የአሲዱ ብርታት ብቻ ሳይሆን ከጥርስ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ናይሮቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በመስታወት ጠርሙስ የሚሸጠው 300 ሚሊሊትር ሶዳ፣ ጠርሙሱ ስለሚመለስ ብዙውን ጊዜ እዚያው ኪዮስኩ አጠገብ ተጠጥቶ ያልቃል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ያለውን ግን ተሳፋሪው ማታቱ በተባለው የከተማ መኪና ውስጥ ይዞ በየጥቂት ደቂቃው ሊጎነጨው ይችላል። መጠጡ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ሁለተኛው ጠጪ ለምራቁ ፋታ አይሰጠውም።

ስኳሩ ደግሞ ሌላ ጠላት ነው። በ100 ሚሊሊትር 10.6 ግራም ስኳር የሚይዝ ኮላ፣ በ300 ሚሊሊትር ጠርሙስ 32 ግራም ያህል፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። የአፍ ባክቴሪያዎች ይህን ስኳር ወደ ሌላ አሲድ ስለሚለውጡት፣ ጥርስ ከሁለት አቅጣጫ ይጠቃል።

ምን እናድርግ?

ለስላሳ መጠጥ የሚጠጣ ሰው ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ይጨርሰው እንጂ ቀኑን ሙሉ አይጎንጨው። ከጠጣም በኋላ አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ፤ ለወታደር ኮዳው ከጎኑ ነው። አሲድ ያለሰለሰው ልባስ በቀላሉ ስለሚፋቅ፣ ወዲያውኑ በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ ጥርስን መፈግፈግ አይገባም፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል። እናቶችም ለስላሳ መጠጥ በጡጦ ለሕፃናት እንዳይሰጡ፣ በተለይም ምራቅ በሚቀንስበት በመኝታ ሰዓት፣ አጥብቀን እናሳስባለን።

የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የተበላ ኢናሜል ግን ተመልሶ አይበቅልም። የጥርስ ሕመም ዘበኛውን ከጥበቃው፣ ሠራተኛውን ከሥራው፣ ተማሪውን ከትምህርቱ ያውላል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው የጥም መቁረጫ ናይሮቢ የተሰየመችበት ያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።