«ቁልፍ» እና «መክፈቻ»፤ ወደ ቤት መረብ ከሩቅ ለመግባት የሚያገለግሉ ስያሜዎች

ከቤቱ ርቆ ያለ ሰው በቤቱ የሚገኘውን ኮምፒዩተር፣ የፋይል ማከማቻ ወይም የጥበቃ ካሜራ በኢንተርኔት አማካይነት ማዘዝ የሚችልበት ሥልት ዛሬ የባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በዋሽንግተን የሚኖር ልጅ አዲስ አበባ ያለውን የወላጆቹን ግቢ በካሜራ ሊመለከት ይችላል። መሣሪያውን የሚያስተካክለው ግን ብዙ ጊዜ እቤት ያለው ታናሽ ወንድሙ ሲሆን፣ መመሪያውንም የሚቀበለው በስልክና በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ሰው የተሳሳተ ትርጉም ሲያጋጥመው በልቡ አርሞ ያልፋል፤ የማያውቀው ግን ቃሉ እንደሚለው ያደርጋል። ስለዚህም በዚህ መስክ የአንድ ስያሜ መሳት ቤቱን ለማይታወቅ ሰው ክፍት እስከ ማድረግ ሊያደርስ ይችላል።

«ሪሞት አክሰስ» የሚለው በአንዳንድ ትርጉሞች «የርቀት መዳረሻ» ተብሏል። መዳረሻ መንገደኛ የሚደርስበት ቦታ ነው። እዚህ የተፈለገው ግን ቦታው ሳይሆን የመግባቱ ተግባር ስለሆነ «ከሩቅ መግባት» ቢባል ይቀላል፤ ይገልጻልም። «ደኅንነቱ የተጠበቀ» የሚለው ቅጽል በሥራ ላይ ውሏል፤ ሆኖም «የተጠበቀ መግቢያ» ተብሎ ሲያጥር «ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረ» ስለሚያሰኝ «ደኅንነቱ» የሚለው ባይወድቅ ይመረጣል።

የ«ፖርት» ጉዳይ ሰፋ ያለ ሐተታ ይፈልጋል። በቤት ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው አድራሻ አላቸው፤ ነገር ግን አድራሻው ከቤቱ አጥር አያልፍም። በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኢንተርኔት ሰነድ መሠረት ለውስጥ አገልግሎት የተተዉ ስለሆኑ፣ 192.168.1.10 የሚባል መሣሪያ በዚህም ቤት በጎረቤትም ቤት ሊኖር ይችላል። ከውጭ የሚታየው የራውተሩ አድራሻ ብቻ ነው። ወደዚያ አድራሻ የመጣው ጥያቄ ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ የሚታወቀው «ፖርት» በሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ እስከ 65535 ይደርሳል። ቃሉን ብዙዎች «ወደብ» ብለው ተርጕመውታል። የእንግሊዝኛው «ፖርት» በላቲን ከሁለት ተዛማጅ ቃላት ይወርዳል፤ ፖርቱስ ወደብ፣ ፖርታ ደግሞ በር ነው። ተርጓሚዎቻችን የመጀመሪያውን መርጠዋል። ወደብ መርከብ የሚያርፍበት፣ ዕቃ የሚራገፍበት ስፍራ ነው፤ የወደብ መከፈት ባሕር በር በሌለው አገር ለሚኖር ሰው የምሥራች እንጂ ሥጋት አይደለም። «ሌሊቱን በሩ ክፍት አደረ» ሲባል ግን የማይደነግጥ ባለቤት የለም። የሚያስፈልገውም ይኸው ድንጋጤ ነውና «በር» የሚለው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የቴልኔት በራቸው ክፍት የነበረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ከ60 በላይ በሆኑ የታወቁ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች እየሞከረ በብዛት ይዟል። የብዙዎቹ መሣሪያዎች ባለቤቶች ከፋብሪካ ተሰጥቶ የመጣውን ቃል አልለወጡትም ነበር።

«የይለፍ ቃል» ከተሳኩት ስያሜዎች አንዱ ነው። «ይለፍ» የሚለው ትእዛዝ ከይለፍ ወረቀት የመጣ ስለሆነ አንባቢው ጠባቂ ያለበትን ስፍራ ወዲያው ያስታውሳል። ከዚህ ጋር የሚስማማው የ«ፋየርዎል» ስያሜም «ኬላ» ነው። «የእሳት ግድግዳ» ያሉት የእንግሊዝኛውን አካል ተርጕመው ነፍሱን ለቀዋል፤ የተፈለገው እሳት የሚያግድ ግድግዳ ሲሆን፣ የአማርኛው ዘርፍ ግን ከእሳት የተሠራ ግድግዳ ያሰኛል። በኬላ አላፊ አግዳሚው ይመረመራል፤ የተፈቀደለት ያልፋል፣ ያልተፈቀደለት ይመለሳል። መሣሪያውም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

«ቪፒኤን» በአገራችን በስፋት የታወቀው ማኅበራዊ መገናኛዎች በተዘጉባቸው ጊዜያት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የተዘጋ ገጽ መክፈቻ አድርጎ ይረዳዋል። ወደ ገዛ ቤት መግቢያም መሆኑን የሚያሳይ ስያሜ የሚገኘው «ተነል» ከሚለው ቃል ነው። «ዋሻ» ለባቡር መንገድ ቢያገለግልም በተለመደው ትርጉሙ አንድ አፍ ያለው መሸሸጊያ ነው። «መሿለኪያ» ሁለት አፍ አለው፤ በመካከሉ የሚያልፈውም ከውጭ አይታይም። የመሸሽ ስሜት አለበት የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው፤ ቢሆንም ከዋሻው ይሻላል።

ከሁሉ የከበደው ግን «ኪ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ታቱ ዩሎነን በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤስኤስኤችን የሠራው የይለፍ ቃሎች በመረቡ ላይ በመጠለፋቸው ምክንያት ነበር፤ ቴልኔት በ23ኛው በር ቃሉን በግላጭ ሲያሳልፍ፣ አዲሱ ሥልት በ22ኛው በር መስጥሮ ያሳልፍ ጀመር። በዚህ ሥልት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የሊኑክስ እምብርት አካል በሆነው በዋየርጋርድም ጭምር፣ ተጠቃሚው ጥንድ ያወጣል። አንደኛው ለማንም ቢሰጥ አይጎዳም፤ ሁለተኛው ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም። እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ኪ» ብሎ በቅጽል ይለያቸዋል፤ የእኛዎቹም «ይፋዊ ቁልፍ» እና «የግል ቁልፍ» ብለው ተከትለዋል።

ስያሜው ሁለት ጕድለት አለው። በመጀመሪያ «የግል» ባለቤትነትን እንጂ ምስጢርነትን አያመለክትም፤ የግል ንብረቱን ለወንድሙ የሚያውስ ሰው ደግ ይባላል። ሁለተኛ፣ በንግግር ቅጽሉ በቀላሉ ይወድቃል። «ቁልፉን ላክልኝ» የተባለው ወጣት የትኛውን ይልካል? በዋየርጋርድ ሁለቱም 44 ፊደል የሆኑ ትርጉም የለሽ ጽሑፎች ስለሆኑ ዓይን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ስማቸው ብቻ ነው።

ደግነቱ አማርኛ እንግሊዝኛው የሌለው ሀብት አለው። «ቁልፍ» የሚዘጋውም የሚከፍተውም ነው፤ የሸሚዝም፣ የጽሕፈት ሰሌዳም ቁልፍ አለ። የሚከፍተውን ብቻ ለመጥራት ሲፈለግ ግን «መክፈቻ» የሚባል ራሱን የቻለ ስም አለን። እንግዲያውስ ለሁሉም የሚሰጠው «ቁልፍ»፣ በምስጢር የሚያዘው «መክፈቻ» ቢባሉ፣ ቅጽሉ ቢወድቅም ስሙ ይጠብቃል። ቁልፉን በፈለግኸው በር ላይ አንጠልጥል፤ መክፈቻውን ግን ከኪስህ አታውጣ ቢባል የማይገባው ሰው አይኖርም። ከመክፈቻው ቁልፉን ማውጣት ሲቻል፣ ከቁልፉ መክፈቻውን በተግባር ማውጣት አለመቻሉም ከጥንዱ ጠባይ ጋር ይስማማል። «ጓጉንቸር» የሚለውም ሐሳቡን በትክክል ይገልጻል፤ ነገር ግን አንባቢው የብረት ዕቃውን ከሐሳቡ ማውጣት ይቸግረዋል።

ምሳሌው የሚሰናከልበት ቦታ መኖሩ አይካድም። ሰነድ ሲፈረም የምስጢሩ ወገን ያትማል፤ ይፋው ወገን ያረጋግጣል። እዚያ «መክፈቻ» አይስማማምና «ማኅተም» የሚለው ሊታሰብ ይገባል። ከግእዝ «መርኆ» ይወሰድ የሚል ሐሳብም ሊነሣ ይችላል፤ ትርጉሙ በእርግጥ መክፈቻ ነው። ነገር ግን በዛሬ አነባበብ ከ«መርሖ» ስለማይለይ «ምስጢራዊ መርኆ» የሚለውን የሚሰማ ሰው ስለ አንድ ድርጅት መመሪያ የሚነገር ይመስለዋል።

ስያሜዎቹ በዐረፍተ ነገር ካልተፈተኑ ዋጋቸው አይታወቅምና አንድ መመሪያ እንጻፍባቸው። «በመጀመሪያ የራውተሩንና የካሜራውን የፋብሪካ የይለፍ ቃል ይለውጡ። በሚይዙት ስልክ ላይ ቁልፍና መክፈቻ ያውጡ፤ ቁልፉን ለቤቱ መሣሪያ ይስጡ፤ መክፈቻው ከስልኩ አይውጣ። የቤቱንም መሣሪያ ቁልፍ በስልኩ ይመዝግቡ። በኬላው ላይ መሿለኪያው የሚጠቀምበትን አንድ በር ብቻ ይክፈቱ፤ የካሜራው በር ወደ ውጭ እንዳይከፈት ይጠንቀቁ። ከዚያ ስልኩን ከቤቱ ዋይፋይ አላቅቀው ከውጭ ይሞክሩ።» በዚህ ውስጥ ሳይተረጐሙ የቀሩት «ራውተር» እና «ዋይፋይ» ናቸው። «መንገድ መሪ» የሚለው ሰውን ስለሚያስታውስ አላስገባነውም፤ «ዋይፋይ» ደግሞ በየቤቱ ራውተሩንም፣ አገልግሎቱንም፣ አንዳንድ ጊዜ ኢንተርኔቱንም ጭምር መጥሪያ ሆኗልና፣ ተርጓሚው የትኛውን ለማለት እንደተነገረ አስቀድሞ ሳይጠይቅ አይጻፈው።