የምላጭ መሳያ ቆዳን የሚያበላሸው ቸልታ ብቻ አይደለም

በእጀታው ውስጥ የሚታጠፈው ረጅሙ የፂም ምላጭ ስለቱን ጠብቆ እንዲያገለግል ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች መካከል አንዱ የመሳያ ቆዳ ነው። ይህ ቆዳ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠፍር ሲሆን፣ አንደኛው ጫፉ በመንጠቆ ግድግዳ ላይ ይታሰራል፤ ሌላኛው በእጅ ይያዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከከብት ወይም ከፈረስ ቆዳ ይሠራል። ብዙዎቹ ከቆዳው ጋር ተደርቦ የሚንጠለጠል የሸራ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ አላቸው።

በጀርመን የዞሊንገን፣ በእንግሊዝ ደግሞ የሼፊልድ ከተማ በእነዚህ ምላጮች ሥራ ለረጅም ዘመን ስም ያተረፉ ናቸው። ይሁንና አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 ለተለዋጭ ምላጭ የፈጠራ መብት ማረጋገጫ ካገኘና የአሜሪካ መንግሥትም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ይህንኑ መላጫ ለወታደሮቹ በብዛት ካደለ በኋላ፣ ታጣፊው ምላጭ ከአብዛኛው ቤት ወጥቷል። የቆዳው አያያዝ ዕውቀትም አብሮት ተረስቷል። ዛሬ ወደዚህ ምላጭ የሚመለሱ ሰዎች ጥሩ ገንዘብ አውጥተው የገዙትን ቆዳ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያበላሹትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የቆዳውን ጠቀሜታ ለመረዳት በስለቱ ላይ የሚደርሰውን መመልከት ያስፈልጋል። የተሳለ ምላጭ አፍ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ፀጉር ከብረቱ 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ሆኖ ሳለ በመላጨት ጊዜ ሲጎብጥ የምላጩን አፍ ሊሸርፈው እንደሚችል አሳይተዋል። ጥናቱ የተካሄደው በሚጣሉ ምላጮች ላይ ቢሆንም፣ ቀጭን የብረት ስለት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጎዳ ያስረዳል። እርጥበት ሲጨመርበት ስለቱ ዝገት ይጀምረዋል። ከመላጨት በፊት ምላጩን በጨርቁ ላይ፣ ቀጥሎም በቆዳው ላይ ከ20 እስከ 50 ጊዜ ማመላለስ የተጣመመውን የስለት አፍ ያስተካክላል፤ ያለሰልሰዋልም። ቆዳው ብረት የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ የመሳያ ድንጋይን ሥራ አይተካም። ሆኖም በሚገባ የተያዘ ቆዳ ያለው ሰው ወደ ድንጋዩ የሚመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ስለቱ የዶለዶመ ምላጭ ፂሙን ከመቁረጥ ይልቅ እየጎተተ ፊትን ያቆስላልና ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም።

በቆዳው ላይ የሚደርሰው የመጀመሪያው ጉዳት ከእጅ አጠቃቀም የሚመጣ ነው። ምላጩ በቆዳው ላይ ሲንቀሳቀስ ጀርባው መቅደም፣ ስለቱ መከተል ይኖርበታል። ወደ ሌላው ገጽ ሲገለበጥም ጀርባው ከቆዳው ሳይነሳ በጀርባው ላይ መዞር አለበት። በስለቱ በኩል የተገለበጠ ምላጭ ቆዳውን ይቆርጣል። ቆዳው ከላላ ደግሞ የምላጩ አፍ ይከብና ስለቱን ያጣል። በመሆኑም ቆዳውን ወጠር አድርጎ መያዝ፣ ክንድን አለማስጫን፣ ፍጥነትንም ልምድ እስኪገኝ ድረስ መተው ተገቢ ነው። ፍጥነት በፊልም ላይ ያምራል፤ ለጀማሪ ግን ቆዳ ያስቆርጣል።

ሁለተኛው ጉዳት፣ ምናልባትም የከፋው፣ ከመልካም ሐሳብ የሚመነጭ ነው። ብዙ ባለቤቶች ቆዳው እንዳይደርቅ በማሰብ ዘይት በየጊዜው ይቀቡታል። ዘይት የጠገበ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፣ ምላጩንም ከመጠን በላይ ይይዛል፤ የጠጣውን ዘይት መልሶ ማውጣትም አስቸጋሪ ነው። ለዕለት ተዕለት እንክብካቤ ንጹሕና ደረቅ መዳፍን በቆዳው ላይ ደጋግሞ ማሸት ይበቃል። ከእጅ የሚወጣው ጥቂት ወዝና ሙቀት ቆዳውን ያለዝበዋል፤ አቧራውንም ያነሳል። ቆዳው በእርግጥ የደረቀ ሆኖ ከተገኘ ከከብት እግር አጥንት የሚወጣውን ዘይት ጥቂት ጠብታ በጣት አዳርሶ ማሳደር ይቻላል፤ ይህም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የምግብ ዘይትና ቅቤ ስለሚበላሹና ስለሚሸቱ አይመከሩም።

የመሳያ ቅባቶችም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። አረንጓዴው የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅባት ብረትን የሚፍቁ ደቃቅ ቅንጣቶችን ይዟል። በየዕለቱ በሚሠራበት ቆዳ ላይ አንድ ጊዜ ከተቀባ ቆዳው ከማለስለሻነት ወደ መሞረጃነት ይለወጣል። ቅባቱን መጠቀም የሚፈልግ ሰው በእንጨት ላይ የተለጠፈ ሌላ ቆዳ ቢያዘጋጅ ይሻላል።

ማከማቻውን በተመለከተ፣ ቆዳው ሳይታጠፍና ሳይጠቀለል ተንጠልጥሎ መቀመጥ አለበት። የታጠፈ ቆዳ የሚያወጣው ሽንተር ምላጩን በእያንዳንዱ ምልልስ ያነጥረዋል። ለፀሐይና ለምድጃ ሙቀት የተጋለጠ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ በመታጠቢያ ክፍል የሚውለው ደግሞ በተለይ በአገራችን ክረምት ሻጋታ ያወጣል። ምላጩም ወደ ቆዳው ከመቅረቡ በፊት ፈጽሞ መድረቅ አለበት።

በጠርዙ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰች ችግር አታመጣም። በመሐል ተነስቶ የቆመ ቁራጭ ከሆነ በስሱ በማስቲሽ ተጣብቆ ከደረቀ በኋላ ከቀሪው ጋር እኩል እስኪሆን ይፈገፈጋል። ቆዳውን በስፋቱ የቆረጠ ጥልቅ ስንጥቅ ግን አይጠገንም።

ከዚህ ሁሉ እንክብካቤ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከተዋህስያን መጽዳት ነው። ምላጩ ብረት በመሆኑ በተገቢው ዘዴ ከተዋህስያን ሊጸዳ ይችላል። ቆዳው ግን ቀዳዳማ ነው፤ ቢቀቀል ይኮማተራል፣ በረኪና ቢነካው ይበላሻል፣ በአልኮል መጥረግም ውስጡን አያጸዳም። የጉበት ብግነት የሚያስከትለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ በዕቃዎች ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል ይታወቃል። ስለታም መሣሪያዎችን በጋራ መጠቀም ስለሚያስከትለው አደጋ በአገራችን ከኤች አይ ቪ ጋር በተያያዘ ለዓመታት ሲሰጥ የቆየው ትምህርት ስለ ምላጩ ነው፤ ምላጩ የሚታሽበት ቆዳ ግን በአብዛኛው ሳይጠቀስ ያልፋል።

ስለሆነም የመሳያ ቆዳ የአንድ ሰው የግል ዕቃ ሆኖ መያዝ አለበት፤ በቤተሰብ መካከልም ቢሆን አይዋዋሱትም። ለብዙ ደንበኞች የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ ታጣፊውን ምላጭ መጠቀም ከፈለገ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ የሚገባበትን እጀታ መምረጥ ይኖርበታል፤ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ የመሳያ ቆዳ አያስፈልገውም። የግል ቆዳም ቢሆን የሌላ ሰው ደም ከነካው፣ ዋጋው ምንም ያህል ይሁን፣ መወገድ አለበት።