ገብስማዋን ከገብስማዋ መለየት

ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኮኪት፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፣ ዶሮ የምትጠራው በመልኳ ነው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ፣ ኮክማ፣ ወሰራ፣ እንደ ጅግራ ነጠብጣብ የበዛባት ደግሞ ዝግርማ። ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ዶሮ ካለና መልካቸው ከተለያየ ይህ ስያሜ ይበቃል። ሁለት ገብስማ እህትማማቾች አብረው ሲያድጉ ግን ስሙ አይለያቸውም። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ የእንቁላል ዶሮዎች ሲገቡ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እነዚህ ገና ሲፈለፈሉ ወንዱ ነጣ ብሎ፣ ሴቷ ቡናማ ሆና በመልክ እንዲታወቁ ታስበው የተዳቀሉ ስለሆኑ፣ ሴቶቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የቷ እንቁላል እንዳቆመች፣ የቷ የፈንግል ክትባት እንዳመለጣት፣ የትኛው አውራ ዶሮ ከገዛ እናቱ ጋር እንደቀረ ካልታወቀ እርባታው በግምት ይሄዳል። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። የመለያው መንገድ ግን ዶሮዋን የሚጎዳ ከሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ መጀመሪያ መሥራት ያለበት ዓይን ነው፣ ዓይን ያልቻለውን ቀለበት ይጨርሰዋል።

ዓይን የሚታመነው ግን በማይለወጠው ነገር ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው በዶሮዋ ራስ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ነው፤ ትልቅነቱና ቅላቱ ግን ያታልላል፤ ስትጥል ይፋፋል፣ ስትታቀፍ ወይም ላባዋን ስታራግፍ ይጠወልጋል። የእግር ቢጫነትም እንዲሁ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የጣለች ዶሮ ቢጫውን ለአስኳሉ እየሰጠች እግሯ ይነጣል። በአንጻሩ የዚያ ቀይ ሥጋ ቅርጽ፣ ነጠላ መሆኑ ወይም ድርብ፣ ጥርሶቹ ስንት እንደሆኑና የትኛው እንደተቆረጠ፣ ጉዳት ካልደረሰበት በቀር እንዳለ ይኖራል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በተለይ በቋራ በኩል፣ የሚታወቀው አንገተ መላጣ ዶሮ ደግሞ ለተመልካች ትልቅ ምልክት ይሰጣል። መላጣነቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰችው በአንገቷ ፊት ለፊት አንድ ጭብጥ ላባ ይቀርላታል፤ ከሁለቱም የወረሰችው አንገቷ ከሞላ ጎደል እርቃኑን ነው። ይህን ያየ ሰው ሁለቱን መለየት ብቻ ሳይሆን የትኛዋ ጫጩቶቿን በሙሉ አንገተ መላጣ እንደምታደርግም ያውቃል፤ ላባ መቅለሉ ሙቀት እንዲወጣ ስለሚረዳ በቆላ ይህ ቀላል እውቀት አይደለም።

ዓይን አልበቃ ሲል ብዙ ቤት የሚያነሳው ክር ወይም የጨርቅ ቁራጭ ነው። ከጥንት ጀምሮ ሲታሰር ኖሯል፣ ምን አደረገ የሚል ይኖራል። ክሩ ግን አይሰፋም፤ የቄብ እግር ደግሞ ይወፍራል። ደም ሲታገድ እግሩ ያብጣል፣ ቆይቶም ይሞታል፤ ሰው የሚያየው ማነከሷን ስለሆነ ጥፋተኛው ክሩ መሆኑ ሳይታወቅ ይቀራል። ጣት ቆርጦ ምልክት የሚያደርግም አለ፤ ምልክቱ አይጠፋም የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ ሕመሙና ቁስሉም እንዲሁ፤ ዶሮ ደግሞ የምትጭረው በጣቷ ነው። ቀለም መቀባትም ያለ ችግር አይሆንም። ኖርዌያዊው ሸልደሩፕ ኤበ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው ዶሮዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ማን ማንን እንደሚነቁርም ሥርዓት አላቸው። መልኳ በድንገት የተቀየረች ዶሮ እንደ እንግዳ ልትደበደብ ትችላለች፤ ቀይ ቀለም ከሆነ ደግሞ ደም መስሎ መንቆርን ይጋብዛል።

የሚሻለው ልል የፕላስቲክ ቀለበት ነው፤ እግሯ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት፣ በቀላሉ የሚዞር፣ ነገር ግን በጣቶቿ በኩል የማይወልቅ። ኮኪት ውስጥ የዶሮ ቀለበት የት ይገኛል ለሚል፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያስሩበት የፕላስቲክ ማሰሪያ ይበቃል፤ ልል ተደርጎ ጫፉ ይቆረጣል፣ ሹል እንዳይቀርም ይታያል። አራት ቀለም ብቻ ቢገኝ ቁጥር መጻፍ አያስፈልግም። በአንድ እግር ብቻ የሚታሰሩት፣ ቀኝና ግራ ተለይተው፣ 8 ናቸው፤ በሁለቱም እግር የሚታሰሩት 16፤ በጠቅላላው 24 ዶሮ ይለያል፤ ለአንድ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። ቀለበቱ ይወልቃል የሚለው ቅሬታ ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው የማይለወጠው መልኳ በደብተር ላይ ከቀለሙ ጎን መጻፍ ያለበት፤ ቀለበቱ ሲጠፋ ደብተሩ ይመልሳታል።

የሚታሰርበት ሰዓትም የቀለበቱን ያህል ያሳስባል። ዶሮን አያልባትም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ቀትር እያሯሯጡ መያዝ ሊገድላት ይችላል። ከመሸ በኋላ ቆጥ ላይ እንዳለች፣ ክንፎቿን ከገላዋ ጋር አቅፎ ማውረድ ነው። ደረቷ መጨመቅ የለበትም፤ የምትተነፍሰው የደረቷን አጥንት እያንቀሳቀሰች ነውና። ቄብ ከሆነች ቀለበቱ በየሳምንቱ ይታይ፤ መዞር ካቆመ በዚያው ቀን ተቆርጦ በሰፊው ይተካ።