የተመለሰ ሁሉ አካላዊ ለውጥ አይደለም

«አካላዊ ለውጥ ተመላሽ ነው፤ ኬሚካዊ ለውጥ ተመላሽ አይደለም።» ይህችን መስመር ሳይሸመድድ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰሞኑን የእህቴን ልጅ ሳስጠና እንደገና አገኘኋት፤ ደብተሯ ላይ በቀይ ተሰምሮባታል። ልጅቷ ጠያቂ ናትና «ታዲያ ጤፍ ከተፈጨ በኋላ ተመልሶ ፍሬ ይሆናል እንዴ?» አለችኝ። አይሆንም። ዱቄቱ ግን ያው ጤፍ ነው። ጥያቄዋን በጣም ስለወደድኩት ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት አሰብኩ።

እኔ ከዚያች መስመር ይልቅ ልጆች ይህን ቢጠይቁ እመርጣለሁ፦ ከለውጡ በኋላ እጃችን ላይ ያለው ያው የቀድሞው ነገር ነው ወይስ ሌላ ነገር ተፈጥሯል? ብርጭቆ ሲሰበር፣ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ፣ ቅቤ ሲቀልጥ፣ ጤፍ ሲፈጭ መልኩና ቅርጹ ይለወጣል እንጂ ነገሩ ራሱ ሌላ ነገር አይሆንም። አካላዊ ለውጥ የሚባለው ይሄ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል፣ ብረት ሲዝግ፣ ወተት ሲረጋ ግን አተሞቹ የነበራቸውን ትስስር ፈትተው በሌላ መልክ ይያያዛሉ፤ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ይፈጠራል። ይህ ኬሚካዊ ነው። ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ከዚህ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ከቡሃቃ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዱቄቱ ከውሃና ከእርሾ ጋር ተቦክቶ ሲያድር በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የጤፉን ስኳር ወደ አሲድና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ሊጡ የሚኮመጥጠው በአሲዱ፣ ኩፍ የሚለው በጋዙ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ኬሚካዊ ለውጥ። ቀጥሎ እናቶቻችን ከቦካው ሊጥ ጥቂት ጨልፈው በፈላ ውሃ እያማሰሉ አብስለው አብሲት ይጥላሉ። እዚህ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። የስታርቹ ቅንጣቶች ትኩሱን ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ሊጡን ወፈር አድርገው ያያይዙታል። ስታርቹ ግን ስታርች እንደሆነ ነው። ሆኖም አንዴ አብሲት የሆነ ሊጥ ተመልሶ ጥሬ አይሆንም! የደብተሯን መስመር ከተከተልን ኬሚካዊ ልንለው ነው፤ ምን ተፈጠረ ብለን ከጠየቅን ግን ወደ አካላዊው ያደላል። ቆንጆ ዓይን ያለው እንጀራ የሁለቱም ሥራ ነው፤ ጋዙን ያመጣው ቡካቱ፣ ይዞ ያቆየው አብሲቱ።

ኬሚካዊ ሆኖ የሚመለስስ አለ? ሞልቷል። የመኪና ባትሪ ኃይል ሲሰጥ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ከሰልፈሪክ አሲዱ ጋር ተዋህደው የእርሳስ ሰልፌት ይሆናሉ፤ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ያ ሰልፌት ተፈትቶ ወደነበረበት ይመለሳል። መኪናው በቆመና በተነሳ ቁጥር ይሄው ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በዋናነት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እቶን ሲቃጠል አፍኖ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። የሚለቀው ጋዝ ቀላል አይምሰላችሁ፤ 100 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ከእቶን የሚወጣው 56 ኪሎ ሆኖ ነው። በተቃጠለው ኖራ ላይ ውሃ ሲደፋበት ደግሞ ያለ እሳት ይግላል፣ ይንተከተካል፤ በዚህ ሰዓት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። አሁን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሆኗል። ግንበኛው ከአሸዋ ጋር ለውሶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ይሞላዋል። የቀረው ሥራ የአየሩ ነው። ኖራው ቀስ በቀስ፣ ግድግዳው ወፍራም ከሆነም በብዙ ዓመታት፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ውሃውን ይለቃል፤ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ድንጋይ ነበር፣ በሦስት ኬሚካዊ ለውጦች አልፎ ድንጋይ ሆነ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደርን ግንቦች ያነጹት ሰዎች ድንጋዩን ያያያዙት በዚህ መንገድ በተዘጋጀ ኖራ ነው። የካልሲየምን ስም አያውቁም ነበር፤ ኖራው ምን እንደሚሆን ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

«አረፋ ካየህ፣ ቀለም ከተለወጠ ኬሚካዊ ነው» የሚባለውንም በጥንቃቄ ያዙት። የሚፈላ ውሃ ይንተከተካል፤ አረፋው ግን ራሱ ውሃው ነው፣ ተን ሆኖ። (አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መቶውን የምናገኘው በባሕር ወለል ከፍታ ነው።) በእሳት የጋለ ብረት ይቀላል፣ ሲበርድ ግን ያው ብረት ነው። ጠላ ሲጠነሰስ ስኳሩ ወደ አልኮል ስለሚለወጥ ኬሚካዊ ለውጥ አለ። አረቄ ሲወጣ ግን የሚደረገው መለየት ብቻ ነው፤ አልኮሉ በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ከውሃው ቀድሞ ይተናል፣ ቀዝቃዛ ሲያገኝ ደግሞ ይንጠባጠባል። ሁለቱንም ሥራ አንዲት ሴት በአንድ ጓሮ ትሠራዋለች።

ለፈተና ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። የክረምቱ ብርድ ሲበረታ ከሰል አያይዘው፣ በርና መስኮት ዘግተው የሚተኙ ቤተሰቦች አሉና ስለነሱ እጨነቃለሁ። ብዙዎች ጭሱ ካለቀና ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላ ማንደጃውን ወደ ቤት ማስገባት ችግር የለውም ብለው ያምናሉ። ችግር አለው። ፍሙ እየነደደ እስካለ ድረስ የከሰሉ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ነው። ኦክስጅን በበቂ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይሄኛው ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስልም። ጭሱ መጥፋቱ መርዙ መጥፋቱን በፍጹም አያሳይም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ደማችን ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዛል፤ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ አየር ያጣል። ይህ መያያዝ ኬሚካዊ ነው፤ ደግነቱ ይመለሳል። ሰውን የሚያተርፈውም ይሄው መመለሱ ነው። ከሰል ባለበት ቤት ራሱን ያመመው፣ የዞረበት፣ ያቅለሸለሸው ወይም እንቅልፍ የተጫነው ሰው ካገኛችሁ ወዲያው ወደ ውጭ አውጡት፣ በርና መስኮቱን ክፈቱ፣ የተሻለው ቢመስልም ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። በተራ አየር በደሙ ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።