በመጠጥ ውሃ ውስጥ የተደበቀ እርሳስን በኤሌክትሮኬሚስትሪ መለየት

ከአንገረብ ግድብ የሚገኘው ውሃ ተጣርቶ ለጎንደር ከተማ ነዋሪዎች ሲሰራጭ ቆይቷል፡፡ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ በሚገኙ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ ምንጭ ማጎልበት የተለመደ የውሃ አቅርቦት ዘዴ ነው፡፡ በሁለቱም አካባቢዎች የውሃው ጥራት በመነሻው ብቻ አይወሰንም፡፡ እርሳስ ወደ መጠጥ ውሃ የሚገባው በአብዛኛው ከቧንቧዎች፣ ከብየዳና ከነሐስ መገጣጠሚያዎች በመሆኑ ነው፡፡

በውሃ የሟሟ እርሳስ በዓይንም ሆነ በሽታ አይታወቅም፤ ውሃን ማፍላትም አያስወግደውም፡፡ በተለይ የሕጻናትን የአዕምሮ እድገት ስለሚጎዳ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚኖረው መጠን በሊትር ከ10 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ በመመሪያው አስቀምጧል፡፡ ይህም ማለት 1 ግራም እርሳስ፣ 5 ሺህ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃን እስከዚህ ወሰን ያደርሳል፡፡

ይህን ያህል አነስተኛ መጠን ለመለካት ከሚያስችሉት ዘዴዎች አንዱ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ነው፡፡ ለዘዴው መሠረት የሆነውን ፖላሮግራፊ የቼክ ተወላጁ ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ያገኙ ሲሆን፣ በዚሁ ሥራቸው በ1959 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፡፡

በአሠራሩ መሠረት በናሙናው ላይ ጥቂት አሲድ ተጨምሮ ኤሌክትሮድ ይነከርበታል፡፡ ኤሌክትሮዱ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ሲሰጠው፣ በውሃው የሟሟው ብረት እየተሳበ በገጹ ላይ ይጠራቀማል፡፡ ቀጥሎ ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ ወደ ፖዘቲቭ ሲለወጥ እያንዳንዱ ብረት በራሱ የቮልቴጅ ነጥብ ተመልሶ ይሟሟል፡፡ ነጥቡ የብረቱን ዓይነት፣ በዚያው ቅጽበት የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ደግሞ ብዛቱን ያመለክታል፡፡ በዚህም እርሳስ፣ ካድሚየምና መዳብ ከአንድ ናሙና ሊለዩ ይችላሉ፡፡

መሣሪያው ለተመሳሳይ ሥራ ከሚውለው አቶሚክ አብሶርፕሽን በዋጋ ያነሰ ሲሆን፣ ወደ ቀበሌዎች ተይዞ ሊሄድ የሚችል ዓይነትም አለው፡፡ ሆኖም እንደ ገብስና በርበሬ ያሉ የምግብ ናሙናዎች በቅድሚያ በአሲድ መፍረስ ይኖርባቸዋል፡፡

የልኬቱ አስተማማኝነት በናሙና አወሳሰድ ላይም ይመሠረታል፡፡ በቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት መጀመሪያ ሲቀዳ የሚይዘው እርሳስ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ከፈሰሰ በኋላ ከሚቀዳው ሊበልጥ ይችላል፡፡ ስለሆነም ከማጣሪያ ጣቢያ ብቻ የተወሰደ ናሙና የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ቧንቧዎችን ደህንነት አያረጋግጥም፡፡ የውሃና የጤና ጽህፈት ቤቶች የቁጥጥር ዕቅድ ሲያወጡ ሁለቱም ናሙናዎች ከተጠቃሚው ቧንቧ እንዲወሰዱ ቢያደርጉ፣ ችግሩ ከሕንጻው የውስጥ መስመር ይሁን ከዚያ በፊት ካለው ክፍል ለመለየት ያስችላቸዋል፡፡