ጠባይን ቀድሞ የሚነካው የመርሳት በሽታ

ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ከመርሳት በሽታዎች ቢመደብም አጀማመሩ ከመርሳት ጋር ብዙም አይገናኝም። በብዛት የሚታየው ከ45 እስከ 65 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ታማሚው በመጀመሪያ ትናንት የሆነውን ያስታውሳል፣ መንገድም አይጠፋበትም፤ የሚለወጠው ጠባዩ ነው። ይሉኝታው ይጠፋል፣ ለቤተሰቡ የነበረው ርኅራኄ ይቀዘቅዛል፣ ጣፋጭ ላይ ይበረታል። ብዙዎች የአእምሮ ሕመም ነው ተብለው ዓመታት ይባክንባቸዋል፤ ለቤተሰብ ይህ ከባድ ፈተና ነው።

በሽታው ጠባይን የሚያስቀድመው ጉዳቱ ከሚነሳበት ሥፍራ የተነሳ ነው። ከግንባር ጀርባ፣ በአንጎል እጥፋት ውስጥ የተሸሸገው የኢንሱላ ፊተኛ ክፍልና የሲንጉሌት ቅርፊት የልብ ምትንና የሆድ መረበሽን የመሰሉ የውስጥ ስሜቶችን ተቀብለው ሰው በሌሎች ፊት የሚገባውን እንዲያመዛዝን ያግዛሉ። በዚያ ትልልቅ፣ እንዝርት የመሰሉ የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ በኦስትሪያዊው ሐኪም በኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ ስም ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪው ዊሊያም ሲሊና ባልደረቦቹ በዚህ በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሲመረምሩ፣ በሲንጉሌት ቅርፊት ውስጥ ከእነዚህ ሕዋሳት ከሦስት እጅ ሁለቱ በላይ ጠፍተው አገኙ። በአልዛይመር ታማሚዎች ግን እንዲህ ያለ መመናመን አልታየም።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተጎዳው የአንጎል ቅርፊት የላይኛው ንጣፍ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሳስቶ ስፖንጅ ይመስላል። በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ ፕሮቲን ይጓጉላል፤ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ታው ወይም ቲዲፒ-43 የተባለው ነው። የቲዲፒ-43 መደበኛ ቦታው የሕዋሱ አስኳል ሲሆን፣ በበሽታው ከአስኳሉ ወጥቶ በውጪው ክፍል ይከማቻል። በዚህም ሕዋሱ በሁለት በኩል ይጎዳል፤ አስኳሉ ሠራተኛውን ያጣል፣ ውጪው በክምችት ይጨናነቃል።

በሽታው በዘር በሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች የጉዳቱን ጅማሬ በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ መከታተል ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪታንያ፣ በኔዘርላንድ፣ በጣሊያን፣ በስዊድንና በካናዳ በተካሄደ ጥናት፣ የዘረመል ለውጡን የተሸከሙ ሰዎች ምልክት ይታይባቸዋል ተብሎ ከሚገመትበት ዕድሜ 10 ዓመት ያህል ቀድሞ ኤምአርአይ የአንጎል መመንመን አሳየ። በማሰብ ችሎታ ፈተናዎች ላይ ልዩነት የታየው ግን 5 ዓመት ያህል ሲቀር ነው። ከሚጎዱ ነርቮች የሚፈሰው ኒውሮፊላመንት የተባለ ፕሮቲንም ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በደም ውስጥ መጨመር ይጀምራል።